የደሴ ቤተ መዘክርና የቤታችን ሣጥን

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። ነገር ግን በዚህ አጭር መንገድ ውስጥ አየሩም፣ አዝመራውም፣ የሰዉም አለባበስ ይለወጥበታል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ወጥታ በጦሳ ተራራ እግር ሥር ተቀምጣለች። ከታች ሳለ ነጠላውን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የነበረ ሰው ከላይ ሲደርስ ጋቢ መፈለጉ አይቀርም። የቦርከና ወንዝ ደግሞ መንገደኛው የሚወጣውን እርሱ እየወረደ ሁለቱን ከተሞች እንደ ክር ያያይዛቸዋል።

ወደዚህች ከተማ የወጣነው ስለ አንድ ቤት ለመጻፍ ነው። ቤቱ በአንድ ወቅት የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ፣ በኋላም የደሴ ቤተ መዘክር ሆኖ የወሎን ታሪክ ሲያሳይ የኖረ ነው። ብዙዎቹ አንባብያን ልጆቻቸውን ይዘው ሳይጎበኙት አልቀሩም፤ ያልጎበኙትም በ2014 ዓ.ም. በከተማዋ ላይ ጦርነት በመጣ ጊዜ የደረሰበትን በዜና ሰምተዋል። ነገር ግን ቤት የሚታወቀው በሠፈሩ ነውና አስቀድመን ስለ ከተማዋ ልንናገር ይገባናል።

ደሴ ዛሬ የደቡብ ወሎ ዞን መቀመጫ ናት። በጊዜዋ ግን ከዚህ የበለጠ ክብር ነበራት፤ የንጉሥ መናገሻ ነበረች፤ ከዚያም በኋላ የወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ቀጥሎም የወሎ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ሆና እስከ 1980ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ቆይታለች። ቦታው ቀድሞ ላኮመልዛ ይባል እንደነበር አረጋውያን ይናገራሉ። ስለ አዲሱ ስሟም የሚነገረው እንዲህ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚህ አገር ሠፍረው ሳሉ ረጅም ጅራት ያለው ኮከብ በሰማይ ላይ አዩ። ይህም በ1875 ዓ.ም. መግቢያ በዓለም ሁሉ የታየው ታላቁ ጅራታም ኮከብ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በነገሩ ተደንቀው ልባቸውም ደስ ቢለው ቦታውን «ደሴ» አሉት ይባላል። ከሊቃውንት ወገን ይህን ትርጓሜ የሚጠራጠር ቢኖር አንከራከረውም፤ ከተማ ስሟን ከደስታ ማግኘቷን ግን እኛ ወደነዋል።

ደሴን ከሠፈር ወደ መናገሻነት ያደረሷት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። የእኚህ ሰው ሕይወት የወሎን ታሪክ በአንድ ሰው ላይ ጠቅልሎ የያዘ ስለሆነ ቤተ መዘክር ባይኖር እንኳ እርሳቸውን በማወቅ ብቻ ብዙ መማር ይቻላል። በልጅነታቸው ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር፤ አባታቸው ኢማም ዓሊ ከወሎ መሳፍንት ወገን ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተ ሰሜን በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ በተደረገ ጊዜ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ነበሩ። ቦሩ ሜዳ ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን የተዋሕዶ እምነት የጸናበት፣ ለብዙ ዘመን ሊቃውንትን ሲከፋፍል የኖረው ክርክር የተዘጋበት ስፍራ ነው። ይሁን እንጂ እውነቱን ሳንሸሽግ ልንናገር ይገባናል፤ ከዚያ ጉባኤ በኋላ በወሎ ብዙ ሰው በፈቃዱ ሳይሆን በአዋጅ ተጠምቋል፤ ስለዚህም ብዙ እንባ ፈስሷል። በዚህ አገር ዛሬ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ አጥር ተጎራብተው፣ በሠርግና በለቅሶ ተረዳድተው፣ አንዳንዴም በአንድ ዘር ተወልደው ሲኖሩ ያየ ሰው ይህ ፍቅር ያለ ዋጋ የተገኘ እንዳይመስለው ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል።

ራስ ሚካኤል የዳግማዊ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ፤ በዐድዋ ጦርነትም የወሎን ፈረሰኛ እየመሩ ዘመቱ። ልጃቸው የምኒልክ አልጋ ወራሽ ሆኖ መንግሥቱን ከያዘ በኋላ በግንቦት ወር 1906 ዓ.ም. በደሴ ላይ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የከተማዋ መናገሻነት የተመሠረተው ያን ጊዜ ነው።

የዚያ ዘመን ምልክት ሆኖ ለእኛ የተረፈው የአይጠየፍ አዳራሽ ነው። ስሙ ራሱ ትምህርት ነው፤ የማይጠየፍ፣ ማንንም የማይንቅ ማለት ነውና። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ሲያገቡ ባለጠጋውና ድኃው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በዚያ አዳራሽ ይስተናገድ እንደነበር፣ ለየሃይማኖቱም እንደ ሥርዓቱ የታረደው ይቀርብለት እንደነበር በደሴ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የመጣ ነው። ሰውን ወደ አንድ ገበታ ለመጥራት ሰውየው የራሱን ሥርዓት ጥሎ እንዲመጣ አለማስገደዳቸው ለዘመናቸው ትልቅ ማስተዋል ነው እንላለን። ምናልባት በቦሩ ሜዳ የሆነውን በገዛ ሕይወታቸው ያዩ ስለነበሩ ይሆናል፤ ይህ የእኛ ግምት ነው።

ዘመናቸው ግን አጭር ሆነ። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በተሻሩ ጊዜ ሠራዊታቸውን አስከትተው ወደ ሸዋ ወረዱ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ ድል ሆነው ተማረኩ። ከሁለት ዓመት ያህል እስራት በኋላም ዐረፉ። ደሴም ንጉሥዋን አጥታ ገዥዎች ከአዲስ አበባ የሚሾሙላት ከተማ ሆነች። ይሁን እንጂ የንጉሡ ደም ከቤተ መንግሥት አልጠፋም፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት የእቴጌ መነን እናት ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። በደሴ ስንት የወሎ ሰው ፊደል የቆጠረበትና ለወግ ለማዕረግ የበቃበት ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ድረስ በስማቸው ይጠራል።

ከሰገሌ በኋላ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ደሴ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ላይ ወጣች፤ የወጣችው ግን በመልካም አልነበረም። በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። ኅዳር 26 ቀን በማለዳ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። ቤቶች ተቃጠሉ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መሸሸጊያ አልገቡም፤ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ፣ በኋላም እግራቸውን ካልፈነዳ ቦምብ ላይ አሳርፈው ሲታዩ የተነሡት ፎቶግራፎች ብዙ አገር ዞረዋል። ከአራት ወር በኋላ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ደሴ ገባ። ልክ አምስት ዓመት ቆይቶ በሚያዝያ ወር 1933 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የእንግሊዝ ጦር ክፍል በኮምቦልቻ በር ላይ ብርቱ ውጊያ አድርጎ፣ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ከፋሺስቶች እጅ አስለቀቀ።

ቀን ቆጣሪ የሆነ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ደሴ በቦምብ የተደበደበችበት ኅዳር 26 ቀን 1928 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 6 ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነትም ከአንድ ወር በላይ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው የቆዩት ደሴና ኮምቦልቻ መመለሳቸው በመንግሥት የተነገረው በዚሁ በዲሴምበር 6፣ በእኛ ኅዳር 27 ቀን ነበር። በመካከላቸው ሰማንያ ስድስት ዓመት አለ። ከዚህ ምሥጢር ለማውጣት አንሞክርም። በሁለቱም ጊዜ ግን እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ገጠር መሸሻቸው፣ ሲመለሱም ቤታቸውን ባዶ ማግኘታቸው አንድ ነው።

ባዶ ሆነው ከተገኙት ቤቶች አንዱ ቤተ መዘክሩ ነበር። በውስጡ የብራና መጻሕፍት፣ የነገሥታትና የመኳንንት ዘመን መሣሪያዎችና አልባሳት፣ የገበሬው፣ የሸማኔው፣ የሸክላ ሠሪዋ የእጅ ሥራ ተሰብስቦ ነበር፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ቅርስ በአንድ ጣሪያ ሥር ይታይ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የገቡት ሰዎች ያገኙት የተሰበረ መስታወት፣ ወለል ላይ የተበተነ ወረቀትና ዕቃው የተወሰደበት መደርደሪያ ነበር። ሆስፒታል ተዘርፎ፣ ፋብሪካ ተነቅሎ፣ ሰው ሞቶ ሳለ ስለ አሮጌ ዕቃ ማዘን ቅንጦት የሚመስለው ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም ለሰው ሕይወት አስቀድመን አልቅሰናል። ነገር ግን ፋብሪካው ገንዘብ ቢገኝ ማሽኑ እንደ ገና ይገዛል፤ አንድ ጸሐፊ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በመቃ ብዕር የጻፈው ቅጠል ግን በምንም ገንዘብ እንደ ገና አይጻፍም።

ከወሎ ምድር ቅርስ ሲዘረፍ ደግሞ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። መቅደላ የሚገኘው በዚሁ በደቡብ ወሎ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ገብቶ የንጉሡን ግምጃ ቤትና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፈ። ዘረፋውን ለማጓጓዝ ዐሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ ያህል በቅሎ አስፈለገ ይባላል። ከዚያም በደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን የፈጀ ሐራጅ ተደረገ፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪልም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ዛሬ በለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ከመቅደላ የሄዱ ሦስት መቶ ኀምሳ ያህል የብራና መጻሕፍት አሉ፤ በብሪቲሽ ሙዚየምም ማንም እንዳያያቸው ተዘግቶባቸው የሚኖሩ ታቦታት አሉ።

ከእነዚህ ታቦታት አንዱ እንዴት እንደ ተመለሰ ለልጆቻችሁ ብትነግሯቸው መልካም ነው። በስኮትላንድ አገር በኤድንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ለብዙ ዘመን ተረስቶ የተቀመጠ አንድ ታቦት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ቀድሞ በኢትዮጵያ የኖረ ሰው ስለነበር ባገኘው ጊዜ ምን እንደሆነ ዐወቀ፤ ማወቁንም በልቡ ደብቆ አላስቀረውም። በ1994 ዓ.ም. ታቦቱ ወደ አገሩ ገባ፤ የአዲስ አበባም ሕዝብ በእልልታ ተቀበለው። ከመቅደላ እስከዚያ ቀን ድረስ መቶ ሠላሳ አራት ዓመት አልፎ ነበር። መቶ ሠላሳ አራት ዓመት ሁሉ የጠበቀው በቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ ወደ እርሱ እንመለሳለንና።

አሁን ደግሞ ስለ ከተማ ቤተ መዘክር ጥቂት እንበል። በጦርነትና በነገሥታት ዕቃ ብቻ የተሞላ ቤት የአገር ታሪክ ሊሆን ይችላል፤ የከተማ ታሪክ ግን አይሆንም። በአዲስ አበባ ከመስቀል ዐደባባይ በላይ የራስ ብሩ መኖሪያ የነበረው ያማረ አሮጌ ቤት የዋና ከተማዋ ቤተ መዘክር ሆኗል። የተከፈተው ከተማዋ መቶ ዓመቷን ባከበረችበት ሰሞን፣ በ1979 ዓ.ም. ገደማ ነው። እዚያ የሚገባ ሰው እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ የተጀመረው ሠፈር እንዴት ከተማ እንደ ሆነ በፎቶግራፍና በዕቃ ያያል። በፓሪስም በ1872 ዓ.ም. ገደማ ለሕዝብ የተከፈተው የካርናቫሌ ቤተ መዘክር እንዲሁ የከተማዋን ታሪክ ብቻ የሚናገር ነው። ከዕቃዎቹ መካከል ብዙ ሰው የሚወደው የነገሥታቱ ወርቅ ሳይሆን የድሮ ሱቆች ምልክት ነው ሲባል ሰምተን አልተደነቅንም። ፊደል የማያውቅ ሰው ሱቁን እንዲለይ ቁልፍ ሠሪው የቁልፍ ምስል፣ ጫማ ሠሪው የጫማ ምስል ይሰቅል ነበር። ይህ የሕዝብ ኑሮ ነው፤ ነገር ግን ማንም ሰው ቅርስ ነው ብሎ አያስቀምጠውም ነበር።

በደሴና በኮምቦልቻም እንዲህ ያለ ነገር ሞልቷል። ከአሰብ በባቲ በኩል ጨው ጭኖ ሲመጣ የኖረ ነጋዴ የመንገድ ደብተር፣ የልብስ ሰፊ አሮጌ መኪና፣ የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የ1950ዎቹ የክፍል ፎቶግራፍ፣ የአባወራው የዕቁብና የዕድር መዝገብ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ የመጀመሪያ ደመወዝ ወረቀት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚባሉት የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከዚህ አገር ስፍራዎች ነው፤ ዘፈኑ በየቴፑ አለ፤ የዘፋኞቹ ማሲንቆና ክራር ግን የት እንዳለ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረኃብም አለ። ያን ጊዜ በመንገድ ዳር ለወደቁት ገንፎ ያፈላችበትን ድስት እስከ ዛሬ ያላወጣች እናት በዚህ ከተማ የለችም ብሎ ማን ይናገራል? ይህን የሚያሳይ ክፍል ከሌለ የወሎ ታሪክ ግማሹ ጎድሏል።

ስለ ኮምቦልቻ ብዙ አንልም፤ የራሷ ጽሑፍ ይገባታልና። የአውራ ጎዳናና የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የፋብሪካና የጋራዥ ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም የቴክኖሎጂ ትምህርት ክፍሉን በእርሷ አድርጓል። አዲስ ከተማ ናት ተብላ ብትቆጠርም በአካባቢዋ ከድንጋይ የተጠረበ ጥንታዊ አንበሳ መገኘቱ ሰው በዚያ ሜዳ ላይ እጅግ ቀድሞ እንደ ኖረበት ያስረዳል። የደሴ ቤተ መዘክር ሲታደስ ታችኛይቱን እኅቱን እንዳይረሳት እናሳስባለን።

ቤተ ክርስቲያናችን ቤተ መዘክር የሚለው ስም ሳይፈጠር ዕቃ ቤት የሚባል ነገር ነበራት። ኢያሱ ወልደ ነዌ ዮርዳኖስን በተሻገረ ጊዜ ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ከወንዙ አንሥቶ በሠፈሩ ያቆማቸው ለጌጥ አልነበረም፤ ልጆች እነዚህ ድንጋዮች ምንድን ናቸው ብለው እንዲጠይቁ ነበር እንጂ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስጻፉት ወንጌል አለ፤ የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዘመናቸው ከታወቁት ባለ ሥዕል ወንጌሎቻችን እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ገዳም መነኮሳቱ ይህን መጽሐፍ ግራኝ አልፎ፣ ድርቡሽ አልፎ፣ ጣሊያን አልፎ አቆይተውልናል። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በመንበረ ፓትርያርክ ተሳትፎ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ ይህም ወንጌል ተነሥቷል፤ ስለዚህ አንድ ክፉ ቀን ቢመጣ እንኳ ቃሉና መልኩ አይጠፋም። ለደሴው ቤተ መዘክር ዕቃዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ሙሉ የፎቶግራፍ መዝገብ በየስፍራው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የጠፋውን መፈለግ እንዴት በቀለለ ነበር!

አሁን ወደ ቁም ሣጥኑ እንመለስ።

በኮምቦልቻ የምናውቀው አንድ ቤተ ሰብ አለ። ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በኋላ የቤቱ ወንድ ልጅ ከአንድ መንገደኛ ላይ ሁለት የብራና ቅጠል ገዝቶ ገባ። የዳዊት መዝሙር ነበር። እናቱ ተሳልማ በነጭ ሻሽ ጠቅልላ ከጠበልና ከእምነት ጋር በሣጥን ውስጥ አኖረችው። ለቤቱ በረከት ሆኖ ይሰማት ነበር። ለፋሲካ ዋዜማ የነፍስ አባቷ ሊባርኩ ሲመጡ አውጥታ አሳየቻቸው። እርሳቸውም ተሳልመው ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ካዩት በኋላ፣

«ልጄ፣ ይህ ከየትኛው መቅደስ ነው?» አሏት።

«እኔ ምን ዐውቄ አባ፤ ልጁ ነው ገዝቶ ያመጣው» አለች።

ልጁ ተቆጣ። «ባልገዛው ኖሮ ለፈረንጅ ይሸጡት ነበር፤ ገንዘቤን አውጥቼ አዳንኩት እንጂ ምን አጠፋሁ?» አለ።

እውነቱን ለመናገር ልጁ የተናገረው ከንቱ አይደለም። ብዙ ቅርስ እንዲህ ባለ ልብ ከመጥፋት ድኗል። ነገር ግን ገዢ ባለበት ሁሉ ሻጭ ይበረታል፤ ዛሬ አንድ ቅጠል በኀምሳ ብር የገዛ ክርስቲያን ለነገ ሌላ መጽሐፍ እንዲገነጠል ዋጋ አውጥቷል። ይህን ካህኑ ሲያስረዱት ልጁ ዝም አለ፤ እናቱ ግን አለቀሰች።

ከቅጠሉ በአንዱ ግርጌ ላይ የተፋቀ ነገር ነበር። የአባቶቻችን ጸሐፊዎች መጽሐፉ የማን እንደ ሆነ በግርጌ ወይም በመጨረሻ ይጽፋሉ፤ የሰረቀውንና ስሙን የፋቀውንም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዛሉ። ሌባ ግን ውግዘቱን ሳይፈራ መጀመሪያ የሚፍቀው ይህንኑ ነው። ካህኑ ቅጠሉን ወደ መስኮቱ ወስደው በፀሐይ አግድም ቢያዘነብሉት «ሚካኤል» የሚለው ስም በጥላ ታየ። ከዚያ በላይ አልተነበበም። በወሎ ስንት ሚካኤል እንዳለ ደግሞ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከደሴው ቤተ መዘክር የመጣ ይሁን፣ ወይም ከአንዲት የገጠር ደብር ዕቃ ቤት ወጥቶ ይሁን ማንም ሊያውቅ አልቻለም።

የአገሩ ሕግ በዚህ ነገር ላይ ግልጽ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ ቅርስ በእጁ እንዲኖረው አይከለክልም፤ ነገር ግን ማስመዝገብ ይገባዋል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት አይችልም። የተሰረቀ መሆኑ የታወቀ ወይም የተጠረጠረ ነገር ሲሆን ግን ከመመዝገብ አልፎ መመለስ አለበት። የቤተ ክርስቲያን የሆነ እንደ ሆነ ወደ ሀገረ ስብከቱ፣ የቤተ መዘክር የሆነ እንደ ሆነ ወደ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት መውሰድ ይገባል። የወሰደውም ሰው ከማን፣ መቼ፣ የት እንዳገኘው በጽሑፍ ይስጥ፤ ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ ይህ ነውና።

የቤታችሁ የራሳችሁ የሆነውን ደግሞ በጥንቃቄ ያዙት። ብራናን በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ መልካም አይደለም፤ ውስጡ ያልባል፤ ይሻግታል። በእርጥብ ጨርቅ መወልወልም ቀለሙን ያጠፋዋል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ከጭስ፣ ከፀሐይና ከአይጥ ማራቅ ይበቃል። ፎቶግራፍ ሲሆን የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዘመኑን በጀርባው ላይ በስስ እርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊቱ ያልፋል። ይህን ዛሬ አያት በሕይወት ሳለች ጠይቃችሁ ጻፉ፤ እርሷ ካለፈች በኋላ የሚቀረው «አንድ ሽማግሌ ከበቅሎ ጋር» ብቻ ነው። ቤተ መዘክሩ በዕቃ ሲሞላ ከየቤቱ የሚሰጠው ይህ ይሆናል፤ ሰጪው ሁሉ ዕቃውን መስጠት ባይፈልግ እንኳ ፎቶግራፉን አስነሥቶ ቅጂውን መስጠት ይችላል።

የኮምቦልቻዋ እናት በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ከልጅዋ ጋር ሆና ሁለቱን ቅጠሎች ለሀገረ ስብከቱ አስረከበች። ልጁ ከማን እንደ ገዛው በራሱ እጅ ጽፎ ፈረመ፤ የሰውየውን መልክና የተገናኙበትን ቦታ ሳይቀር። ቅጠሎቹ ሚካኤላቸው እስኪታወቅ ድረስ በዚያ ይቆያሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ ነጩን ሻሽ ባዶ ይዛ መጣች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስንጠይቃት ሻሹ በሣጥኑ ውስጥ እንደ ገና ታጥፎ ተቀምጦ ነበር፤ በውስጡም በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲወጣ በደሴ የተነሣ የአባቷ ፎቶግራፍ አለ። ልጅዋ ስሙን በጀርባው በእርሳስ ጽፎታል። አጠገቡ የቆመው ሰው ማን እንደ ሆነ ግን እርሷም አታውቅም፤ በሰባ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜ በደሴ ያሉትን አክስቷን ለመጠየቅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልትወጣ ነው።